እምብርትና ስፌት

የማሽኑ ቀበቶ በድንገት ቆመ። ላዩ ላይ የተጫነው የሰፈር ቆሻሻ፣ ካርቶኑም፣ የወተት ከረጢቱም፣ ያደረ ዳይፐሩም ባለበት ቀረ። ግራና ቀኝ የተሰለፉት አሥራ ስምንት ቆሻሻ መራጮችም እጃቸውን ሰበሰቡ። ተቆጣጣሪው ሦስተኛው ወንበር ጋ ሲደርስ የጠቆረ ድንጋይ የመሰለ ነገር ጠረጴዛው ላይ ጣለ።

"ይሄ ከእናንተ ጥቅል የወጣ ነው" አለ። "ክር ሊሆን የነበረ ፕላስቲክ። ምን እንደሆነ ራሳችሁ እዩት።"

ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ ከቀበቶው ወዲህና ወዲያ ፊት ለፊት የሚቀመጡት አማትና ምራት ናቸው። አማትየዋን ሠራተኛው ሁሉ "እማማ ጣት" ይላቸዋል፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣላቸውም። የውሃ ፕላስቲክና የኮምጣጤ ፕላስቲክ ለዓይን አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ቂጣቸው ላይ ነው። የውሃው መሃል ለመሃል ትንሽ እብጠት አለችው፤ መራጮቹ እምብርት ይሏታል። የኮምጣጤው ግን እምብርት የለውም፤ ከዳር እስከ ዳር የተሰመረ ስፌት ነው ያለው። የውሃው ተፈጭቶ፣ ታጥቦና ቀልጦ ክር ይሆናል፤ ክሩም ብርድ ልብስ ይሆናል። የኮምጣጤው አብሮ ከገባ ግን የውሃው ገና ሳይቀልጥ እሱ ያርና ሁሉንም ይዞ ገደል ይገባል። እማማ ጣት አሥራ አራት ዓመት ሙሉ እያወሩና እየሳቁ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ እያለ፣ በአውራ ጣታቸው ብቻ እየዳበሱ ሲለዩ ኖረዋል። አንድም ጥቅል ተመልሶባቸው አያውቅም ነበር።

ከነዋሪው እንደሆነ እርዳታ የሚጠብቅ የለም። ቆሻሻችሁን ቤታችሁ ለዩ ተብሎ ሦስት ሦስት ባለ ቀለም ከረጢት ታድሎት ነበር። አረንጓዴውን የጫማ ማስቀመጫ፣ ሰማያዊውን የልብስ መያዣ አደረገውና ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የበሰበሰውንም የደረቀውንም እንደ ድሮው አንድ ላይ ይልካል።

ተቆጣጣሪው ነገሩን አላስረዘመም። ክር ፋብሪካው ጥቅሉን መልሷል፤ ሥራ አስኪያጁም ጥፋተኛዋ እንድትሰናበት አዟል። እስከ ምሳ ሰዓት ማን እንደሆነች ካልነገሩት ሁለቱም ይሄዳሉ። ይህን ሲል የሚያየው ምራትየዋን ነበር። እማማ ጣትን ማን ይጠረጥራል?

ጥቅሉ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ማክሰኞና ረቡዕ የተለቀመ መሆኑን ይናገራል። በነዚያ ሁለት ቀናት ምራትየዋ ሥራ አልገባችም፤ ሕፃን ልጇ ትኩሳት ይዞት እሷ ቤት ነበረች። በሩ ላይ ግን ቁጥር የተጻፈባቸው ቆርቆሮዎች የተንጠለጠሉበት ሰሌዳ አለ፤ የገባ ሰው የራሱን ይገለብጣል፤ ጸሐፊዋም ከዚያ ላይ ትመዘግባለች። እማማ ጣት ሁለቱንም ቀን የራሳቸውን ከገለበጡ በኋላ፣ የቀን ደሞዟ እንዳይቆረጥባት ብለው የምራታቸውንም ገለበጡላት። ተቆጣጣሪው ከቢሮው እምብዛም ስለማይወጣ አላወቀም። አሁን "አልነበርኩም" ብትል በማጭበርበር ሁለቱም ተያይዘው ይባረራሉ። ልጃቸው፣ የምራትየዋ ባል፣ ሩቅ አገር መኪና ይነዳል፤ ሲያስታውሰው ይልካል፣ ሲረሳው ይረሳዋል። ቤቱ የቆመው በሁለቱ ሴቶች እጅ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እማማ ጣት አሳምረው ያውቃሉ። ስኳር ከያዛቸው ወዲህ ጣታቸው እየደነዘዘ መጥቷል። ባለፈው ወር የጋለ ድስት ይዘው፣ መቃጠላቸውን ያወቁት ቆዳቸው ሲሸታቸው ነው። ቢሆንም ጥቅል እስካልተመለሰ ድረስ ጣቴ ጤና ነው እያሉ ራሳቸውን ሲያባብሉ ከረሙ።

በሻይ ሰዓት ሁለቱ ከተደረደሩት የካርቶን ጥቅሎች ጀርባ ተገናኙ።

"እኔ ነኝ እለዋለሁ" አለች ምራትየዋ።

"አንቺ እኮ አልነበርሽም።"

"እሱን የምናውቀው እኔና እርስዎ ነን።"

"እውነቱን ልንገረው። ጣቴ ደንዝዟል ልበለው።"

"ከዚያስ፣ እማዬ? እኔ ልብስም አጥቤ፣ ቤትም አጽድቼ እገባለሁ። እርስዎን ማን ይቀጥርዎታል?"

ነገሩ እውነት ስለነበር ከነከናቸው። ባይናገሩት የሚሻለውን ተናገሩ።

"አሥራ አራት ዓመት እንከን የሌለብኝ ሰው ነኝ። በሁለት ቀን ጥፋት አያባርረኝም።"

ምራትየዋ ቀና ብላ አየቻቸው።

"ሁለት ቀን አይደለም" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ስድስት ወር አልፎታል። በየቀኑ ከቅርጫትዎ ስፌት ያለውን ስለቅም ነው የምውለው። አንዳንድ ቀን አሥር፣ አንዳንድ ቀን ሃያ። ዞር ሲሉ ጠብቄ። ማክሰኞና ረቡዕ የሚለቅምልዎት ስላልነበረ ነው።"

አልተቆጣችም፤ ድምፅዋ ላይ የነበረው ድካም ብቻ ነው።

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? ጣቴ አይሳሳትም እያሉ ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወሩ እሰማ የለ? ለልጄ እንኳ የሚያጫውቱት እሱኑ ነው።"

ማመስገን ነበረባቸው። አቅፈው መሳም ነበረባቸው። የመጣባቸው ግን ንዴት ነው። እንደ ሕፃን ልጅ ከኋላ ከኋላ እየተጠረገላቸው፣ እሳቸው ግን ደረታቸውን ነፍተው ስድስት ወር መክረማቸው አቃጠላቸው። ገና ሙሽራ ሳለች ማታ ማታ ዓይኗን በመሐረብ አስረው ጠርሙስ እያስዳበሱ ሥራውን ያስተማሯት ልጅ ናት። በዚያች ሰዓት ጠሏት። ለአንዲት ደቂቃ ቢሆንም ጠሏት።

"እንግዲያው እንዳልሽ" አሉና ጥለዋት ሄዱ።

ተቆጣጣሪው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተመልሶ መጣ። ምራትየዋ ከወንበሯ ተነስታ ጥፋቱ የእሷ መሆኑን በአጭሩ ነገረችው።

"ገምቼ ነበር" አለ። "እሳቸው ፊት ለፊት ተቀምጠሽ እንኳ አልተማርሽም? እኛ ጋ መጥተው ሳይማሩ የሚሄዱ ሞልተዋል።"

ሠራተኛው በሙሉ እያየ ነበር። እማማ ጣት ብድግ አሉ። እውነቱ አፋቸው ላይ መጥቶ ነበር፤ ከአፋቸው የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

"ይቅር ይበሏት ጌታዬ" አሉ። "ልጅ ናት። ልጅም አላት።"

ምራትየዋ እስከዚያ ድረስ ዓይኗ ደረቅ ነበር። ይህን ስትሰማ እንባዋ ግጥም አለ። ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና አማቷን ቀና ብላ ሳታይ ወጣች። ተቆጣጣሪው ሕግ ሕግ ነው አለ፤ ለእማማ ጣትም ከነገ ጀምሮ ሌላ ልጅ እንደሚያመጣላቸውና በደንብ እንዲያሠለጥኗት አደራ ብሎ ቀበቶውን አስነሳ።

ፊት ለፊታቸው ባዶ ወንበር ነው። የመጀመሪያውን ፕላስቲክ አነሱና በአውራ ጣታቸው ቂጡን ዳበሱት። ምንም የለም። ጓንቱን አውልቀው ደገሙት፤ ያው ነው። በዓይናቸው እንዳያዩት ብርሃኑ ደካማ ነው፣ ቀበቶው ይሮጣል፣ ዓይናቸውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። ይህ ጥቅል ደግሞ ከተመለሰ የሚያሳብቡበት ሰው የለም።

ግራና ቀኝ ቃኙ። የሚያያቸው አልነበረም። ሻሻቸውን የሚያስተካክሉ መስለው አጎነበሱና የጠርሙሱን ቂጥ ከንፈራቸው ላይ አስነኩት። እምብርቷ አለች፤ ቁልጭ ብላ ተሰማቻቸው። የኮመጠጠ ወተትና ሌላ ስሙን ለማሰብ ያልፈለጉት ነገር ይሸታል። ወደ ውሃው ቅርጫት ጣሉት። ቀጣዩን አነሱ፤ ስፌት። የሚቀጥለውን አነሱ፤ እምብርት። ከንፈራቸው አልተሳሳተም።

እንዲህ እያሉ እስከ መውጫ ሰዓት ሠሩ። ሲመሽ የሦስት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው በር ድረስ ሮጦ ጉንጩን እንደሚያቀርብላቸው፣ እናቱም ከዛሬ ጀምሮ ቤት ሆና እንደምታይ አሰቡ። ከንፈራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉት፤ አልጠራ አላቸው። ዛሬም ነገም ልጁን ላለመሳም ቆረጡ፤ ለምን ብላ ከጠየቀችም ጉንፋን ይዞኛል ሊሏት ወሰኑ።