ሁለት ፊልም በአንድ ትኬት

የከማሉ ቪዲዮ ቤት ዓርብ ዓርብ ከቀትር በኋላ በአንድ ትኬት ሁለት ፊልም ያሳያል። ዝናብ ጥሎ እርሻው ጭቃ ከሆነ ለአረም ሱዳን ውስጥ ወዳለችው ዶካ የመጣ ቀን ሠራተኛ ሌላ መሄጃ የለውም። እኔ ግን የዚያን ዕለት የገባሁት ፊልም ለማየት አልነበረም። እህቴን ትሁትን ወደ ገዳሪፍ የሚወስዳት ባለ ሎሪ፣ ሉጥፊ፣ ማሽላው ተጭኖ እስኪያልቅ እዚያ ገብቶ ስለተቀመጠ ከዓይኔ እንዳይጠፋ ብዬ ነው።

ትሁት ወሯ ገብቷል። አዋላጇ ሆዷን ዳብሳ ልጁ አግድም መተኛቱን ነግራናለች። «እዚህ ምጥ ከያዛት እኔ የማደርግላት ነገር የለም። ገዳሪፍ ሆስፒታል ትግባ፤ ዛሬ ነገ አትበሉ» ነው ያለችን። ባሏ ዓለምነው ትራክተር ይዞ ሩቅ እርሻ እንደሄደ ጭቃ አስቀርቶታል፤ ስልክም አይገባለትም። አውቶቡሶቹ ናፍጣ በመጥፋቱ ከቆሙ ሰንብተዋል። እኔ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ የለኝም፤ ኬላ ላይ ከተያዝኩ እሷም በእኔ ምክንያት ትጉላላለች። ሉጥፊ ከጋቢናው የመሀሉን ወንበር ነቅሎ የናፍጣ በርሜል አቁሞበታል፤ ከሱ ጎን የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ብቻዋን ልትሄድ ነው። ጎረቤታችንን ምሥራቅን ወባ በጣላት ጊዜ የወሰዳትም እሱ ስለነበረና እሷም ድና ስለተመለሰች፣ ነገሩ እስከዚያ ሰዓት ድረስ እንዲህ አላስጨነቀንም። የሚያስጨንቀን መንገዱና ልጁ ነበር።

ትሁትን ከቪዲዮ ቤቱ ጀርባ ባለው ሱቅ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሱቁ የከማሉ ሚስት የናጂያ ነው። ከቪዲዮ ቤቱ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ስለሆነ ድምፁ ሁሉ ይሰማል።

ፊልሙን ወደ አማርኛ የሚመልሰው እንዳለው የሚባል የጎንደር ልጅ ነው። ማይክ ይዞ ከስክሪኑ ሥር ይቀመጣል። እንግሊዝኛው ብዙም አይደለም፤ ያልገባውን ከራሱ ይሞላል። ሰው የሚወድለት ግን ለሌላ ነገር ነው። ለፊልሙ ሰዎች ከተመልካቹ መሀል ስም ያወጣላቸዋል። ስሙ ሳይነሳ የወጣ ሰው ገንዘቡ የባከነ ይመስለዋል።

የመጀመሪያው ፊልም የከብት ማረጃ ፋብሪካ ስላለባት ከተማ ነው። ለከብቶቹ የሚሰጠው መድኃኒት ሠራተኞቹን ያሳብዳቸውና ከማቀዝቀዣው ክፍል እየወጡ ሰው ይበላሉ። ደሙ በባልዲ ነው የሚደፋው። እጅ ይበራል፣ እግር ይበራል፣ አንዲት ነርስ የአጥንት መጋዝ ይዛ ደረጃ ለደረጃ ትሯሯጣለች። ከሁሉም ወፍራሙ ሰው በላ ብቅ ሲል እንዳለው፣ «ይኸውላችሁ፣ ስንሻው ምሳው ደርሶ መጣ። ዶክተር፣ ጉበትህን ደብቅ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ስንሻው የአራሚዎቹ አለቃ ነው፤ ግዙፍ ሰው ነው። ብድግ ብሎ ግራና ቀኝ እጅ ነሣ።

ሥዕሉ የተቧጨረ ነበር። መስመር ይወርድበታል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል።

«ከማሉ፣ ሲዲውን በድንጋይ ፈተግኸው እንዴ?» አለ አንዱ።

«ፍላሽ ነው። ፍላሽ ደግሞ ይፈተጋል?» አለ ከማሉ ከበሩ ላይ።

ነርሷና ወዳጇ አንድ ክፍል ገብተው በሩን ሲዘጉ ሥዕሉ እንደ መቃጠል አለና ቆመ። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ። ሰው ወደ እኔ ዞረ፤ አነበብኩላቸው። ከፊልሙ አንድ ክፍል ጠፍቷል፣ ይቅርታ ይላል። ሠሪዎቹ የድሮ ሲኒማ እንዲመስል አስበው ያደረጉት እንደሆነ፣ ጭረቱም እንደዚያው መሆኑን ነገርኳቸው።

«አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የተማርከው ይህን ነው?» አለኝ ስንሻው። «የቆረጠው ከማሉ ነው። ሚስቱ ሱቅ ውስጥ አለቻ።»

ሥዕሉ ሲመለስ ሕንፃው በእሳት ተያይዟል፤ ሁሉም ይሮጣል። እሳቱ እንዴት እንደተነሳ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

በሁለቱ ፊልሞች መሀል ወደ ሱቁ ሄድኩ። ትሁት ፈገግ እያለች ነበር።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስጮኻቸው?»

«ስንሻው ዶክተር በላ።»

«ደግ አደረገ፤ እዚያስ ዶክተር ይገኛል ማለት ነው» አለች። ወዲያው እጇን ሆዷ ላይ ጣል አደረገች።

«ምጥ ነው እንዴ እታለም?»

«አይደለም። ይገፋኛል። ሂድ ሰውየውን ጠብቅ።»

ሁለተኛው ፊልም እንደ መጀመሪያው የተቧጨረ ቢሆንም ጸጥ ያለ ነው። ጭር ያለ አውራ ጎዳና፣ አንድ ሽበታም የሎሪ ሾፌር። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ኮፍያውን አንስቶ ሰላም ይላል። ግማሹ ፊልም ወሬ ነው። ሴቶች መንገድ ዳር ምግብ ቤት ተቀምጠው ስለ ወንዶቻቸው ይሳሳቃሉ። ሰው ማዛጋት ጀመረ። እንዳለው ይህን አይቶ፣ «ሉጥፊ መጣላችሁ። ሎሪውን አጥቦ፣ ሽቶ ተቀብቶ» አለ። ሉጥፊ ከፊተኛው አግዳሚ እጁን አወጣ፤ እሱም ሰውም ሳቀ። ሉጥፊ የድንበሯ ከተማ የገላባት ሰው ስለሆነ አማርኛ ይሰማል።

ከሴቶቹ አንዷ እንዲያደርሳት ለመነችው። ወርዶ በሩን ከውጭ ከፈተላት፣ ደግፎ አሳፈራት፣ ዘጋባት። ሥዕሉ የበሩ የውስጥ ገጽ ላይ ቆይቶ ቀረ። መክፈቻ የለውም።

እንዳለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሉጥፊ መክፈቻውን ከውስጥ ነቅሎታል» አለ።

ያን ጊዜ የሳቀ የለም። ሥዕሉ ተቃጠለና ያው ጽሑፍ መጣ። ሲመለስ ሎሪው ወንዝ ዳር ቆሟል፤ ሾፌሩ እያፏጨ ወንበሩን ያጥባል። ልጅቷ የለችም። ለእንዳለው ለራሱም ምን እንደሚል የጠፋው ይመስለኛል፤ «ሉጥፊ ወንበሩን እያጠበ ነው» ብቻ አለ።

በመጀመሪያው ፊልም የሰው አንጀት ሲጎተት ዓይኔን አልመለስኩም። በዚህኛው አንዲት ጠብታ ደም ሳላይ ዓይኔን መለስኩ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ሁላችን ተባብረን በቀልድ ሞልተነው ነበር። ይህኛውን ግን እያንዳንዱ ለብቻው፣ በዝምታ፣ የሚፈራውን ነገር ከተተበት። ከቆርቆሮው ወዲያ ለምትሰማው ለትሁት ደግሞ የመጀመሪያው ጩኸት ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ግን የሉጥፊ ስም ነበረው። ይህን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው። በመጨረሻ የልጅቷ ጓደኞች ሾፌሩን አሳደው ይዘው ሲቀጠቅጡት ጥቂቶች አጨበጨቡ። ሉጥፊ ከተቀመጠበት አግዳሚ ግራና ቀኙ ባዶ ሆኗል።

ስወጣ ትሁት ቆማ አገኘኋት።

«አልሄድም ካስዬ።»

«ፊልም እኮ ነው።»

«ፊልም መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? ያኛውም ፊልም ነበር። ስንሻው አሁን ነይ ቢለኝ ግን እሄዳለሁ።»

ሎሪው ዘንድ ስንደርስ ወንዶቹ ሉጥፊን ከበውታል። አንዱ ድንጋይ ይዟል።

ስንሻው፣ «አምና ወደ ከሰላ የወሰዳት ልጅ የት ደረሰች?» ይላል።

«የቷ ልጅ?» አልኩት።

«አንዲት ልጅ ናታ።»

«ማን ትባላለች?»

«እኔ ምን አውቄ? እንዳለውን ጠይቀው።»

«እኔ የሰማሁት ካንተ ነው» አለ እንዳለው።

«መቼ?»

«አሁን።»

ሰው ግን አልሳቀም፣ አልተበተነምም። እኔም በሐቅ ራሴን ጠየቅኩ። ስለ ሉጥፊ ከፊልሙ በፊት የማውቀው ምንድን ነው? ምሥራቅን አድርሷል። ሌላስ? ቤቱ የት እንደሆነ፣ ሚስት ይኑረው አይኑረው ጠይቄ አላውቅም። አለማወቄን ፊልሙ አልፈጠረውም፤ አሳየኝ እንጂ።

ሉጥፊ ሎሪው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ ላይ ቁጣ ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር። «ያ ጀመዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ ስንሻው ዶክተር በላ፣ ሁላችሁ ሳቃችሁ። እኔ ወንበር አጠብኩ፣ ድንጋይ አነሳችሁ?»

«የእኔው ውሸትነቱ ያስታውቃል» አለው ስንሻው። «ያንተው ነገር እውነት ይመስላል።»

«ሁለቱንም ያወራው እንዳለው ነው እኮ።»

ትሁት ሰዉን ሰንጥቃ ወደ ጋቢናው ሄደች። በመስኮቱ እጇን አስገብታ የበሩን ውስጥ ዳሰሰች። እንደገና ዳሰሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ሳትነግረኝ ገባኝ። መክፈቻ የለውም።

«ስገዛውም አልነበረውም» አለ ሉጥፊ ቶሎ ብሎ። «መንገዱ ነው የነቀለው። የሌላውንም ሎሪ ሂዱና እዩት።»

እውነቱን ነው። እኔ ራሴ ከገላባት የመጣሁት እንዲህ ባለ ሎሪ ነው፤ ሾፌሩ ከውጭ ሲከፍትልኝ አመስግኜው ወርጃለሁ። አሁን ግን እኔም በሩን ዳሰስኩት። ያን ጊዜ ትሁት የጋቢናውን ጠርዝ ጨብጣ ጎንበስ አለች። ትንፋሿ ተቆረጠ። ቀና ስትል ግንባሯ ረጥቧል።

«ይህኛው መግፋት አይደለም» አለች።

«እኔም እመጣለሁ፤ ቢይዙኝ ይያዙኝ» አልኳት።

«አንተን ሲይዙ እኔን ማን ያሳልፈኛል?» ወደ ሉጥፊ ዞረች። «በሩን አውልቀው።»

«ምን?»

«በሩን ፍታና እዚሁ ተወው። ያን ጊዜ እሄዳለሁ።»

«ኡኽቲ፣ እህቴ፣ መንገዱ ጉድጓድ ነው። በር ከሌለ ትወድቂያለሽ።»

«እታሰራለሁ።»

ወንዶቹ ሐሳቡን ወደዱት። ድንጋይ የያዘውም ድንጋዩን ጥሎ መፍቻ ሊፈልግ ሄደ። እኔ ግን አልወደድኩትም። በሩ ካለ ያለው አደጋ መኖሩን እንኳ የማናውቀው ነው፤ በሩ ሲወልቅ የሚመጣው ለማንም የሚታይ ነው። ሁሉም ሰው ደስ ብሎት የሚታየውን መረጠ።

«እታለም፣ ይህ ይብሳል» አልኳት በጆሮዋ።

«ይብስ ይሆናል። ግን አየዋለሁ። የማየውን እችለዋለሁ።»

ሉጥፊ በሩን ፈትቶ የከማሉ ግድግዳ ላይ አቆመው። ናጂያ እንደ ሱዳን ሴቶች ተጠቅልላበት የነበረውን ሰፊ ቶብ ከላይዋ አውርዳ ትሁትን ከብብቷ ሥር፣ ከሆዷ በላይ ከወንበሩ ጋር አሰረቻት።

«ቶቤን ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ» አለቻት። «ልጁን አቅፈሽ።»

ሎሪው እየዘመመ ተነሳ። ከተማው እስኪያልቅ ከጎኑ ሮጥኩ። ጉድጓድ በገባ ቁጥር ትሁት ወደ ውጭ ትዘነበላለች፤ ቶቡ ይመልሳታል። አንድ እጇ በርሜሉን ይዟል። ወደ እኔ ሳይሆን መንገዱን ነበር የምታየው።

ሌሊቱን የገዳሪፍ ስልክ አልሠራም። በማግስቱ ከቀትር በፊት ከሉጥፊ ቁጥር ተደወለ። አነሳሁት። እንደ አገሩ ልማድ ሰላምታውን ጀመረ። ደህና ነህ? ቤቱ ደህና? ከማሉ ደህና? ናጂያ? ለሁሉም ደህና አልኩ፤ ለማቋረጥ ድፍረቱን አጣሁ። ጥያቄው በረዘመ ቁጥር ሊነግረኝ የፈራው ነገር ያለ መሰለኝ።

«ትሁትስ?» አልኩ በመጨረሻ።

«ቀድደው አወጡት። ወንድ ነው። እሷ ተኝታለች፤ ትነቃለች ብለዋል። ኬላ ላይ አቆሙን። በር የሌለው ሎሪ፣ የታሰረች ሴት። የሰረቅኳት መሰላቸው። እሷ እየማለች፣ እየጮኸች፣ ብዙ ቆየን። ዶክተሩ፣ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልነገረኝም።»

ትሁት ነቃች። በሦስተኛው ቀን በስልክ ድምጿን ሰማሁ፤ ደካማ ነበር፣ ግን የሷ ነበር።

ሉጥፊ በሩን ሊወስድ ሲመጣ ስንሻውና ሁለት ሰዎች ተሸክመው አቀረቡለት። ስንሻው ማጠፊያው ላይ ከፍ አድርጎ ያዘለት፤ ሉጥፊ ቡሎኑን ያጠብቃል። እንዳለው ራቅ ብሎ ቆሟል። በላይነሽ የምትባል ለአራሚዎቹ ምግብ የምትሠራ ሴት ትኩሳት የያዛት ልጇን አዝላ፣ ጥቅልሏን እግሯ ሥር አድርጋ ትጠብቃለች።

«ገዳሪፍ ታደርሰኛለህ?» አለችው።

«አልጭንም» አለ ዞር ሳይል። «ከእንግዲህ ማሽላ ብቻ ነው። ማሽላ ፊልም አያይም።»

«እኔም አላየሁም።»

«ነግረውሻል።»

እኔ በአረብኛም በአማርኛም ለመንኩት። ስለ እህቴ አመሰገንኩት፣ ስለ ሁላችንም ይቅርታ ጠየቅኩት። አዳመጠኝ፤ ጭንቅላቱንም ነቀነቀ። ከዚያ ተነስቶ ባዶውን ወንበር አየና በሩን ከውጭ ዘጋው፤ መግጠሙንም በትከሻው ገፋ አድርጎ ሞከረ።

ሎሪው ከሄደ በኋላ ስንሻው ጎንበስ ብሎ የበላይነሽን ጥቅልል አነሳላት፤ ወዴት እንደሚወስደው ግን አላወቀም።