እንግዳ ሲገባ ቁጭ

ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ናቸው የቀጠሩኝ። «ይሄ ውሻ ሰው በገባ ቁጥር እየጮኸ ከጎረቤት አጣላኝ» አሉ። አሰልጣኝ አይደለሁ? በር ሲከፈት ዝም ብሎ ቁጭ እንዲል፣ ቁጭ ሲል ብስኩት እንዲያገኝ አስለመድኩት። «ውሻ ማለት እንዲህ ነው!» ብዬም ጉራዬን ነዛሁ።

ትናንት ልጃቸው ጋ ሄደው ሳለ ቤታቸው ሌቦች ገቡ። ዛሬ ተጠርቼ ስደርስ ሳሎኑ ባዶ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ገመድ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«አልወቅስህም ልጄ» አሉኝ። «ጎረቤት ጩኸት አልሰማም። እንዳስተማርከው ቁጭ ብሎ ነው የተቀበላቸው። ብስኩቱንም ከጠረጴዛው አንስተው ሰጥተውታል፤ ፍርፋሪው ይኸው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ውሻው ግን ገና ሲያየኝ ቁጭ አለና ኪሴን ኪሴን ያይ ጀመር። እማማ እያዩኝ፣ ይህቺ የተረገመች እጄ ኪሴ ገባች።