የክላይቭ በርሜል

ኖርማን ጎረቤቱን ክላይቭን የሚጠላበት ምክንያት አልነበረውም፤ ቅናት ደግሞ ምክንያት ጠይቆ አያውቅም። ጠዋት መስኮቱን ሲከፍት፣ ክላይቭ የኖርማንን እናት የኢኒድን ጽጌረዳ ሲገርዝ ያየዋል። "የክላይቭ እጅ እኮ ወርቅ ነው!" ትላለች እናቱ። ስድሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጇ ሆኖ፣ ስለ እሱ እጅ ትንፍሽ ብላ አታውቅም።

ኢኒድ በሂትለር ጦርነት ጊዜ እዚሁ እንግሊዝ አገር፣ በርተን ከተማ መጠጥ ቤት ቀጂ ነበረች። ብቅል በራሽን ሆኖ ቢራ ውስጥ አጃ ይገባ የነበረበት ዘመን ነው። "ያን የመሰለ ቢራ ከዚያ ወዲህ አፌ አልገባም" እንዳለች አረጀች። ዘጠና አምስተኛ ልደቷ ሲቃረብ ኖርማን ያንን ቢራ ሊጠምቅላት ተነሳ። ክላይቭ ሰማና እሱም ጠመቀ። "እስቲ ማንኛችን እንደምናገኘው እናያለን!" አለ እየሳቀ። ለእሱ ጨዋታ ነው። ለኖርማን ግን እናቱ ሳትሞት አንዴ እንኳ የምታመሰግነው በዚህ ካልሆነ በምን ሊሆን ነው?

ኖርማን አልሰሰተም፤ ምርጡን ብቅል፣ አጃውን፣ ጌሾውን እንደ ጉድ አደረገበት። ሁለቱ በርሜሎች አተላቸው እስኪዘቅጥ ከእናቱ ምድር ቤት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ክላይቭ ዞር ሲል ኖርማን ከሁለቱም ቀመሰ። ወይ ጉድ! የክላይቭ ይበልጣል! ዓይኑ ደም ለበሰ። ግማሹን ፍሳሽ ውስጥ ለቀቀና በርሜሉን በቧንቧ ውሃ ሞላው። "በል አሁን ወርቁን እናያለን!" አለ የበርሜሉን አፍ መልሶ እየደፈነ።

በልደቷ ቀን እናቱ መጀመሪያ የኖርማንን ተጎነጨች።

"ጥሩ ነው፤ ለሠርግ ይሆናል" ብላ አስቀመጠችው።

የክላይቭ ተቀዳ። ክላይቭ ራሱ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደ። "እትዬ ኢኒድ፣ በጣም ይቅርታ፣ ምን እንደነካው አላውቅም..."

"ዝም በል!" እንባዋ መጣ። "ይኸው ነው! ወይ አምላኬ፣ ይኸው ነው! የመጠጥ ቤቱ ጌታ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በርሜል በመጣ ቁጥር ባልዲ ሙሉ ውሃ ያስጨምረኝ ነበር። ወታደሮቹ 'ኢኒድ፣ ዛሬም ዝናብ ገባበት?' እያሉ ይስቁብኝ ነበር።" የክላይቭን ራስ ስባ ግንባሩን ሳመችው።

ኖርማን አልቻለም። "እኔ ነኝ! ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ!"

እናቱ ቀስ ብላ ዞረች።

"ኧረ ኖርማን! በልደቴ ቀን እንኳ? ይህቺንም ልትቀማው?"

"እውነቴን ነው እማዬ! ግማሹን ደፍቼ..."

"ተው እንጂ፣ አታሳፍረኝ! አንተ መች እንዲህ ያለ ነገር ይሆንልሃል?"

ክላይቭ ኖርማንን ትክ ብሎ አየው። ነገሩ ገባው፤ ኖርማንም እንደገባው አወቀ። ይሰድበኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢሰድበው በወደደ።

"እውነቱን ነው እትዬ ኢኒድ" አለ ክላይቭ ረጋ ብሎ። "አብረን ነው የሠራነው።"

"አየህ?" አለች እናቱ ለኖርማን። "ልፋቱን እንኳ ያካፍልሃል!" ብርጭቆዋን ለክላይቭ ዘረጋችለት። "ድገመኝ የኔ ልጅ።"