የእህት ሞደም ገጽ

የምሸጠው ያረጀ መጽሔት ነው። ሱቄ የአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ናት። ጣሪያዋ ወደ ውስጥ እያጠረ ይሄዳል፤ መጨረሻው ጋ እኔም ጎንበስ እላለሁ። ከግድግዳው ወዲያ ልብስ ሰፊዋ አለች። ግድግዳ ይባል እንጂ ኮምፖንሳቶ ነው። የስፌት መኪናዋ ሲነሳ የእኔ መደርደሪያ አብሮ ይንቀጠቀጣል።

ከሁሉ የሚሸጥልኝ ኢንተርኔት ገና ሲመጣ ይታተሙ የነበሩት የኮምፒውተር መጽሔቶች ናቸው። ወፋፍራም ነበሩ፤ ግማሹ ማስታወቂያ ነው። ዛሬ ስልክ ውስጥ የሚገባው ነገር ያኔ ጠረጴዛ ሙሉ ዕቃ ነበር፤ ፎቶው ብቻ ሁለት ገጽ ይይዛል። ኢንተርኔቱን በስልክ መስመር የሚያስገባው ሞደም ሲጮህ አትደንግጡ፣ ደህና ነው ብለው ይጽፋሉ። ኢንተርኔት ላይ እያላችሁ ማንም ስልክ እንዳያነሳ ቤተሰብ አስጠንቅቁ ይላሉ። የድረ ገጽ አድራሻ እንደ ስልክ ማውጫ ደርድረው ያትሙ ነበር። ሰው ያንን ቁጭ ብሎ ያነባል። እኔም አንብቤያለሁ፤ ኮምፒውተር ሳይኖረኝ።

የሚገዙኝ ሰዎች ያስታውቃሉ። በመጀመሪያ ሽፋኑን ያያሉ። ሽፋኑ ላይ ሲዲ ተለጥፎ ይመጣ ነበር፤ ሲዲው ካልተነቀለ ዓይናቸው ይበራል። ወረቀቱን ያሸታሉ። ከዚያ እያገላበጡ ለብቻቸው ይስቃሉ።

ያ ግራጫ ጃኬት የለበሰው አልሳቀም።

ጎልማሳ ነው። ጫማው አዲስ ነው። የሱቄ በር ዝቅ ያለ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ገባና "እንደምን ዋሉ አባት" አለ። አንድ መጽሔት ነበር የፈለገው፤ ስሙን ጠርቶ ጠየቀኝ። አወረድኩለት። ሲዲው እንደተለጠፈ ነው። አላየውም። መጽሔቱን ገልብጦ ከኋላ ከፈተው።

ከኋላ ያለው የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ነው። የምትመልሰው ሴት ነበረች። ስሟን አይጽፉም፤ "እህት ሞደም" ነው የሚሏት። ትንሽ ፎቶ አለ፦ አጭር ጸጉር፣ ትልቅ መነጽር።

ልጄ ናት። አንድ ልጄ።

"ከዚህ በፊት የወጡት የሉዎትም?" አለ። "ይሄ ገጽ ሲጀመር የነበሩት?"

"ለምን ፈለግካቸው?"

"ለትዝታ ነው አባት። ወንድሜ ያነበው ነበር።"

"ጥያቄ ይልክ ነበር ወንድምህ?"

"አዎ፣ ይልክ ነበር።"

ውሸት ሲፈጠር ማየት ከባድ አይደለም። ዓይን አንድ አፍታ ሥራ ያቆማል።

"መጋዘን ነው ያለው። ነገ ከሰዓት ተመለስ" አልኩት።

መጋዘን የለኝም። የቀረው መጽሔት እዚያው ጎንበስ የምልበት ጋ በሸራ ተሸፍኖ ነው ያለው። ሰውዬው ሸራውን አየ። እኔን አየ። አመስግኖ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን በበሩ ብቅ አደረገች። "ጋሼ፣ ምን ብለው አባረሩት? እርስዎ እኮ ደንበኛ ሲመጣ ቀበኛ የመጣ ነው የሚመስልዎት።"

"ነገ ይመጣል።"

"ፊትዎ ግን መርዶ የሰማ ሰው ፊት ነው።"

"ፊቴ ሁልጊዜም እንዲህ ነው።"

"እሱስ እውነትዎን ነው" ብላ እየሳቀች ወደ መኪናዋ ተመለሰች።

የልጄ ባል የነበረውን ሰው በቤታችን ስሙን አንጠራም። "ያ ሰው" ነው የምንለው። በዚያው መጽሔት ማስታወቂያ ይሰበስብ ነበር፤ እዚያው ተዋወቁ። ቀልደኛ ነበር። እኔንም ያስቀኝ ነበር። ኋላ መንጋጋዋን ሰብሮ ታሰረ። ችሎት ፊት "ስወጣ አገኝሻለሁ" ያላት ቀስ ብሎ፣ ፈገግ እያለ ነው። አምና ተፈታ። ከመፈታቱ በፊት ልጄ ከተማ ቀይራለች። የት እንደሆነ አላውቅም። እንዳትነግሪኝ ያልኳት እኔ ነኝ፤ የማላውቀውን ማንም ከአፌ አያወጣውም። ያለኝ የስልክ ቁጥሯ ነው፤ እሱንም ስልኬ ላይ "የቧንቧ ሠራተኛ" ብዬ ነው የመዘገብኩት።

ሸራውን ገለጥኩ። የሷን መጽሔት ለይቼ አወጣሁና እንደ ሰውዬው ከኋላ ከኋላ ከፈትኩ። ምን እንደምፈልግ አላውቅም ነበር። እሱ የፈለገው እዚህ ውስጥ እንዳለ ግን አውቄያለሁ።

"አታሚዬ ወረቀት ይበላል፣ ምን ላድርገው?" ላለ ሰው "ቁርስ ይስጡት" ብላ መልሳለች። ያኔ በዚህ ስቄ ነበር። አሁን ሳልስቅ ገለጥኩት።

በመጨረሻ አገኘሁት። ርዕሱ "የራስዎን የኢሜይል ሳጥን ይክፈቱ" ይላል። ሁለት ገጽ ሙሉ የኮምፒውተር መስኮት ፎቶ ነው፤ መጀመሪያ ይህን ይጫኑ፣ ቀጥሎ ይህን ይሙሉ እያለ ይወርዳል።

የመጽሔቱ አዘጋጅ አንድ ሕግ ነበረው። ልጄ እራት ላይ ድምፁን እያስመሰለች ትነግረን ስለነበር አውቀዋለሁ። "አንባቢ አይታለልም! ለምሳሌ ተብሎ የፈጠራ ነገር አይታተምም! ኮምፒውተሩ ላይ የታየው ነው ገጹ ላይ የሚወጣው!" ሌላው መጽሔት የውሸት ስም፣ የውሸት አድራሻ ሲያትም እነሱ በዚህ ይኮሩ ነበር። ስለዚህ ልጄ የራሷን ሳጥን ነው አንባቢ ፊት የከፈተችው። አድራሻዋ ፎቶው ላይ በግልጽ ይነበባል። ያኔ ማን ይፈራል? ሌባ በመስኮት እንጂ በሽቦ ይገባል ያለ አልነበረም።

ዝቅ ብሎ ደግሞ ይህ አለ። "የምስጢር ጥያቄ፦ እናትዎ የተወለዱበት ከተማ። መልስ፦ ሰማያዊ ሳሙና።" ከሥሩ ልጄ እንዲህ ብላለች፦ "ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ እውነቱን አይጻፉ። እውነቱን ቤተሰብዎ ሁሉ ያውቀዋል። እንደ እኔ ውሸት ይጻፉ።"

የመጽሔቱ ክምር ላይ ተቀመጥኩ።

ያ ሰው አማቱ የት እንደተወለደች ያውቃል። ሞክሮት አልከፈተለትም ማለት ነው። ከዚያ ይህች ገጽ ትዝ አለችው። ራሱ ቢመጣ ስለማውቀው ሰው ላከ።

ገጹን ልቀደው አሰብኩ። ግን የመጽሔቱ ቅጂ እኔ ጋ ብቻ አይደለም ያለው። እዚህ ካጣው ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ስልኬን አነሳሁ። ከግድግዳው ወዲያ መኪናው ይንቋቋል።

"አባዬ? ምነው በሥራ ሰዓት? አመመህ እንዴ?"

"ደህና ነኝ። ያቺ የድሮ የኢሜይል ሳጥንሽ አለች?"

"የቷ?"

"እህት ሞደም እያለሽ የከፈትሻት።"

"እሷ እኮ ናት ያለችኝ! ሌላ መቼ አወጣሁ? ምነው?"

"በሷ ምን ምን ይመጣልሻል?"

"ሁሉም ነገር ነዋ። የባንኩ፣ የመብራቱ፣ የቤት ኪራይ ውሉ…" ቆመች። "አባዬ፣ ለምንድነው የምትጠይቀኝ?"

ነገርኳት። በአጭሩ ነው የነገርኳት። ስጨርስ የምትቀመጥበት ወንበር ሲንሿጠጥ ብቻ ሰማሁ።

"መልእክት ይመጣልኝ ነበር" አለች፤ ድምፅዋ ወርዷል። "'የምስጢር ጥያቄዎን ሊመልስ የሞከረ ሰው አለ' የሚል። ማስታወቂያ እየመሰለኝ አጠፋው ነበር።"

"መልሱን ቢያውቅስ?"

"አዲስ የይለፍ ቃል አውጥቶ ይገባል። ውሉ ላይ መንገዱም አለ፣ የበሩ ቁጥርም አለ።"

"ቀይሪዋ። አሁኑኑ።"

"እየከፈትኩ ነው።" የኮምፒውተሯን ቁልፎች ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ቆመ። "አባዬ፣ ጥያቄውን ለመቀየር የድሮውን መልስ ይጠይቀኛል።"

"ጻፊዋ።"

"ረሳሁትኮ! እውነት ቢሆን እንዴት እረሳዋለሁ? ውሸት ነበር። ገጹ አንተ ጋ ነው?"

"እጄ ላይ ነው።"

"እንግዲያው አንብብልኝ።"

አነበብኩላት።

"አይሰማም! ምንድነው እሱ የሚንቋቋው? ጮክ በል!"

ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ፣ ጎንበስ እንዳልኩ፣ በሙሉ ድምፄ ጮህኩ። "ሰማያዊ ሳሙና!"

እዚህ ላይ የስፌት መኪናው ቆመ። ልብስ ሰፊዋ ክር አልቆባት ነው። ጩኸቴ ሱቄን ሞልቶ ቀረ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ።

ከኋላዬ ወለሉ ሲጥ አለ።

ዞርኩ። ግራጫው ጃኬት መደርደሪያው አጠገብ ቆሟል። ነገን አልጠበቀም፤ ለካ ሸራውን ካየ በኋላ የትም አልሄደም። ስልኩን ይዟል። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለልኝ።

"ሰማያዊ ምን?" አለች ልጄ። "አባዬ፣ መስመሩ ተቆራረጠ፣ መጨረሻው አልተሰማኝም! ሰማያዊ ምን?"

እሱ ሰምቷል፤ እሷ አልሰማችም። አውራ ጣቱ ስልኩ ላይ መሄድ ጀመረ።

"ሳሙና!" አልኩ። "ሳሙና! ፍጠኚ፣ እዚሁ ነው ያለው!"

ሰውዬው እየጻፈ ወደ በሩ ዞረ። ሮጬ አልደርስበትም፤ ጉልበቴ ከከዳኝ ቆይቷል። ስልኬን ጥዬ እስከ በሩ የሚደርሰውን መደርደሪያ በሁለት እጄ ይዤ ወደ እኔ ሳብኩት። ወፋፍራሙ መጽሔት በሙሉ በሱና በበሩ መካከል ወረደ። እግሩ ተንሸራተተና በጉልበቱ ወደቀ። ስልኩን ግን አልጣለም። ስልክ የያዘውን እጁን አንጓው ላይ ያዝኩት።

"ይልቀቁኝ አባት" አለ። አልጮኸም። "አጥንትዎ አርጅቷል፤ ይሰበርብዎታል።" ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ እንደ ሐኪም በጥንቃቄ ያላቅቃቸው ጀመር። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ!" ልብስ ሰፊዋ መቀሷን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። "ምንድነው?"

"ስልኩን!" አልኳት።

ስልኬን የሰረቀኝ መሰላት። "ሌባ! ኧረ ሌባ!" ብላ ደረጃው እስኪያስተጋባ ጮኸች። ጃኬቱን ከኋላ በአንገትጌው ይዛ ወደ ጭንቅላቱ ገለበጠችበት። ክንዶቹ እጅጌው ውስጥ ተጠፈሩ። ስልኩ መጽሔቱ መሃል ወደቀ። እግሬን አቆምኩበት።

"ገባሁ" ይላል መሬት ላይ የጣልኩት የእኔ ስልክ። "ጠብቅ… ቀየርኩት። አባዬ፣ ቀየርኩት! ይሰማሃል? አለህ?"

ሰውዬውም ሰማት። መታገል ተወ። ጃኬቱን አስተካክሎ ተነሳ። ከእግሬ ሥር ስልኩን ስቦ ወሰደ፤ አየው፤ ኪሱ ከተተው።

"እመቤት፣ የአባትን ስልክ አልነካሁም። ያው መሬት ላይ እያወራ ነው" አለ ለልብስ ሰፊዋ። ወደ እኔ ዞረ። "እኔ ብጨርሰው ይሻልዎት ነበር። አሁን እሱ ራሱ ይመጣል።"

እንደ ገባው ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ አንዴ በሩን፣ አንዴ እኔን ታያለች። "ማነው የሚመጣው ጋሼ?"

ስልኬን አነሳሁ።

"ሰምቼዋለሁ" አለች ልጄ። "ሱቁን ዝጋና አክስቴ ቤት ሂድ።"

"አልሄድም።"

"እልህ መጋባትህን ተው አባዬ!"

"እልህ አይደለም። እኔን እስካየ ድረስ አንቺን እዚህ አካባቢ ይፈልጋል። እኔ ከጠፋሁ ራቅ ብሎ ይፈልጋል።"

በሩን አየሁ፤ ማንም የለም።

"ይህን ቁጥርም ቀይሪው" አልኳት። "አዲሱን ለእኔ አትስጪኝ።"

"እንዴ! ታዲያ ደህና መሆንህን በምን ላውቅ?"

በዚህ መሃል በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ማን እንደሆነ ሳላይ ስልኩን ዘጋሁት፤ ድምፅዋን ማንም እንዳይሰማብኝ።

ሴትዮ ናቸው። የጥርስ ሐኪሙ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ሊጠይቁኝ ነው የመጡት። መለስኩላቸው። በፍርሃት አይተውኝ ሄዱ፤ ወለሉ ሁሉ መጽሔት ነው፣ አጠገቤ መቀስ የያዘች ሴት ቆማለች።

ወዲያው መልሼ ደወልኩ። ጠራ፤ አልተነሳም። ቆይቼ ደግሜ ስደውል ቁጥሩ አይሠራም አለኝ። የነገርኳትን ሰምታለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያልኳትን ያለ ክርክር የሰማችኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ጠርሙስ ውሃ አመጣችልኝ። "ልዝጋልዎ?" አለች።

"ተይው" አልኳት። በርጩማዬን አዙሬ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ተቀመጥኩ።