የደረጃው መብራትና «አንተ»

አቶ ቮልፍራም ታይስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁት አንድ ቃል ነበር፤ «አንተ» መባል። ያውም ከማንም ሳይሆን ከላይኛው ፎቅ ከሚኖሩት ከወይዘሮ ፖል አፍ። በእኛ በጀርመኗ ከተማ በካስል ጎረቤት ጎረቤቱን «እርስዎ» እንዳለ ሊቀበር ይችላል። «አንተ»ን የሚፈቅደው ታላቅ የሆነው ነው፤ ስሙን ይነግርሃል፣ በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ «እርስዎ» መመለስ ነውር ነው። ወይዘሮ ፖል ደግሞ በሁለት ወር ይበልጧቸዋል። ሁለቱም ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። የሰውዬው ልብ ወደ ላይኛው ፎቅ ከሸፈተ ቆይቷል፤ አፋቸው ግን በደንብ ታስሯል።

በዚህ ላይ አምፖሉ መጣ። አቶ ታይስ የባቡር የሰዓት ሰሌዳ ሲያወጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸውና ብክነት አይወዱም። በጥቅምቱ የነዋሪዎች ስብሰባ ተሟግተው የደረጃውን አምፖሎች በሙሉ ኤሌክትሪክ በሚቆጥቡ አስለወጡ። የዘነጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። የደረጃው መብራት ማብሪያውን ሲጫኑት ይበራና በዘጠና ሰከንድ ራሱ ይጠፋል። አዲሱ አምፖል ደግሞ ፈዝዞ ይጀምርና እስኪደምቅ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል። ገና ዓይኑን ሊገልጥ ሲል ድርግም! ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ከባቡር ሲያገናኙ የኖሩ ሰው ማብሪያና አምፖል ማገናኘት አቃታቸው።

ሕንፃው መሳቂያ ሆነ። አንደኛ ፎቅ ያሉት የጥርስ ሐኪም ግንባራቸው ላይ ባትሪ አስረው መውጣት ጀመሩ። ወይዘሮ ክሎዘ ሰው እንዳይገጫቸው እየዘፈኑ ይወርዳሉ፤ ድምፃቸውን ለሰማ ግን መገጨቱ ይሻል ነበር። አቶ ታይስ «ይለመዳል» ከማለት አልተመለሱም።

ኅዳር ውስጥ አንድ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ፣ አቶ ታይስ ዳቦ ገዝተው ደረጃውን ሲወጡ መብራቱ እንደ ልማዱ ጠፋ። ከላይ የሚወርድ ሰው ደረታቸው ላይ ተላተመ። ሳህን ተንኳኳ።

«አንተ ደንቆሮ! ዓይንህ የት ነው?»

አቶ ታይስ ግድግዳውን ዳብሰው ማብሪያውን ተጫኑ። በዚያች ጭላንጭል ወይዘሮ ፖል ባዶ ሳህን ይዘው ቆመዋል። የፖም ኬካቸው አቶ ታይስ ኮት ላይ ነው።

«ውይ በሞትኩት! አቶ ታይስ፣ እርስዎ ነዎት? ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንተ አሉኝ» አሉ አቶ ታይስ፣ ፖሙን ከአንገታቸው ሳይጠርጉ።

«በጨለማ የተባለ አይቆጠርም።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ወይዘሮ ፖል። ቮልፍራም እባላለሁ።»

ወይዘሮ ፖል ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። መብራቱ ጠፋ።

«ይኸውልዎ!» አሉ ከጨለማው ውስጥ። «ይህን ጉድዎን ሐሙስ ስብሰባ ላይ አወጣዋለሁ!»

«እርስዎ» ተመልሳ መጣች። አቶ ታይስ እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉና ከልባቸው አዘኑ።

ሐሙስ ዕለት ስምንቱም አባወራና እማወራ ብስክሌት ማስቀመጫው ክፍል ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ፖል የሒሳብ መምህር ነበሩና ወረቀት ይዘው ተነሡ።

«አቶ ታይስ ያስመጡት አምፖል...» ብለው በጨዋ ደንብ ጀመሩ።

«ቁጠባው ግን፣ ወይዘሮ ፖል፣ በዓመት...»

«በዓመት አንድ እግር እንሰብራለን!»

«ትንሽ ቢታገሡት መድመቁ አይቀርም።»

«መቼ? ከጠፋ በኋላ? ኧረ ተው አንተ ቮልፍራም! ዘጠና ከመቶ ሃያ እንደሚያንስ እንዴት ይጠፋሃል?»

ወይዘሮ ክሎዘ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የተሰደቡት አቶ ታይስ ግን ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ፈገግ ብለዋል።

«እሺ፣ ድምፅ እንስጥ» አሉ ሐኪሙ በችኮላ። «አምፖሉ ይነሣ የምትሉ?»

ስምንት እጅ ወጣ።

ወይዘሮ ፖል ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ። «ቮልፍራም፣ ምን ነካህ? ያንተው አምፖል እኮ ነው!»

አቶ ታይስ እጃቸውን አላወረዱም።

«አንቺ ይነሣ ካልሽ ይነሣ።»

ወይዘሮ ፖል ወረቀታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፣ መልሰው አጠፉ።

«ጌርሊንደ» አሉ በመጨረሻ። «ስሜ ጌርሊንደ ነው።»