ጥላው ከደጅ ሲደርስ

ኦሮፋ መንደር ፀሐይን ከሁሉ በፊት ታያለች፤ ከሁሉ በፊትም ትሰናበታታለች። ከሰዓት በኋላ የፑኬ ተራራ ጥላ ዳገቱን ይወርድና ጣራዎቹን እየሸፈነ ወደ ባሕሩ ይሄዳል። ያን ቀን ሙሽራዋ ቫይረአ ደጃፉ ላይ በተነጠፈ ሰሌን ተቀምጣ ዓይኗን ከጥላው አልነቀለችም። ከተራራው ማዶ፣ ከማታሬ፣ የሙሽራው ወገኖች በጋለ ድንጋይ ያበሰሉትን አሳማና ጎደሬ ተሸክመው መምጣት አለባቸው። በደሴቱ ልማድ የሰርግ ምግብ ወደ ሙሽራዋ አባት እጅ የሚያልፈው ፀሐይ እያየችው ነው። ከዘገዩ ሰርጉ እስከሚቀጥለው ወቅት፣ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ዳግም እስኪያፈራ ይቆያል።

አባቷ ቴማኑ መረብ የሚጠግን መስሎ በሩ ላይ ተቀምጧል። ጥላው በቀረበ ቁጥር ፊቱ ይፈካል። እናቷ ከሞተች ወዲህ የቤቱ ድምፅ እሷ ብቻ ናት፤ ማታሬ ደግሞ ለእሱ የዓለም ዳርቻ ነው። በጉልበቱ እያሳበበ ዳገቱን ሳይወጣ ዓመታት አልፈዋል።

«የማታሬ ሰዎች እኮ እንዲህ ናቸው» አለ። «ፀሐይ ባሕር እስክትገባ ስለምታበራላቸው ቀኑ የማያልቅ ይመስላቸዋል።»

«አባዬ፣ ደስ ብሎሃል እንዴ?»

«እኔ ምን አደረግኩ? ጥላውን እኔ አልጎተትኩት!»

ታላቅ እህቱ ሂናራ ከጓሮ ብቅ አለች። በዚህ ደሴት የአባት እህት ከተናገረች ወንድምየው ጭጭ ነው።

«አንተ ሰው፣ ምኑን ነው የምትጠግነው? መረቡ ቀዳዳ የለውም እኮ!»

በዚህ መሃል ጥላው የሰሌኑን ጠርዝ ነካ። ቫይረአ ቀና ስትል ከተራራው ጫፍ ላይ፣ በደማቅ ፀሐይ ውስጥ፣ ሸክም ያዘሉ ሰዎች ታዩ። መንገዱን ወርደው እስኪጨርሱ መንደሩ ሁሉ ጥላ ይሆናል።

ቴማኑ መረቡን አጠፈ። «በቃ፣ መሸ። ለሚቀጥለው ወቅት ያድርሰን።»

«እነሱ ላይ አልመሸም!» አለች ቫይረአ ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «እነሱ ካልደረሱ እኛ እንውጣ!»

ሽርጧን ሰብስባ ዳገቱን ተያያዘችው። መንደርተኛው እየሳቀና እየጮኸ ተከተላት።

«ምን ተጎልተሃል?» አለች ሂናራ። «ያለ አባት ማን ይቀበላል?»

«ጉልበቴስ፣ እትዬ?»

«የዓሣ መንጋ መጣ ሲባል ከሁሉ ቀድመህ የሮጥክበት ጉልበት የት ሄደ?»

ከላይ ሙሽራው ፓሬቴ ሰው ሁሉ እየጮኸ ሲመጣ አይቶ፣ መዘግየቱ ገብቶት ቁልቁል መሮጥ ጀመረ።

«አትውረድ!» ብላ ጮኸች ቫይረአ። «ተመለስ!»

ፓሬቴ ክው አለ። «ምን አጠፋሁ? ፀሐይዋ እኛ ጋ ገና ሙሉ ነበረች እኮ!»

«ምንም አላጠፋህም! ብቻ ተመልሰህ ፀሐይ ላይ ቁም!»

ሲዞር ቅርጫቱ አዘመመና ጎደሬው ተንከባለለ። ሂናራ አንዱን ከእግሯ ሥር አነሳችና «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለች።

ቴማኑ እያለከለከ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ፀሐይዋ ባሕሩን ልትነካ ምንም አልቀራትም። ሰው ሁሉ ምግቡን ሊቀበል እጁን እስኪዘረጋ ይጠብቃል። እሱ ግን ወደ ማታሬ በኩል ቁልቁል ያይ ነበር።

«ያ ከዳገቱ ግርጌ ያለው አዲስ ጣራ የማን ነው?»

«የእኔ ነው፣ አባዬ» አለች ቫይረአ።

«ይህን ያህል ቅርብ ነው? ከዚህ ሆኜ ብጠራሽ ትሰሚኛለሽ?»

«አንተ ስትጣራማ ዓሣውም ይሰማል!»

ሁሉም ሳቁ፤ ቴማኑም እንባውን በክንዱ እየጠረገ ሳቀ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ፀሐይ እያየችው፣ አሳማውን ተቀበለ።

እዚያው ጫፉ ላይ ተቀምጠው በሉ። ሲጨርሱ የኦሮፋ ሰዎች ወደ መንደራቸው ሊወርዱ ተነሡ። ቴማኑ ግን ፊቱን ወደ ማታሬ አዞረ።

«ወዴት ነው?» አለች ሂናራ።

«የዚያ ጣራ አሠራር ከዚህ ሳየው አላማረኝም። ቀረብ ብዬ ልየው።»

«ጉልበትህስ?»

«ቁልቁለት እኮ ነው፣ እትዬ» አለ ቴማኑ።