ከብርድ ልብስ ሥር ያለ ጥጃ

አስናቀው ትራሱን መንጭቆ ሲያነሣው ከሥሩ የልጁ ስልክ ዱብ አለ። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ጸጉር ያላት የካርቱን ልጅ አፏን ከፍታ ቆማለች።

«ይኸው! ይኸው የያዘሽ ጋኔን!» አለ፤ ነጠላው ከትከሻው ተንሸራተተ። «ቅዳሴ አልሄድም የምትይው ለዚህ ነው?»

ልጁ ፅዮን ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «አልሄድም አልኩህ እኮ፣ አባዬ።»

«ምነው? አመመሽ?»

«አላመመኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ዝም ብዬ።»

አሥራ ሦስት ዓመት ከሞላት ወዲህ እዚያ ቤት የሚነገረው ቋንቋ «ዝም ብዬ» ብቻ ሆኗል። ለምን አትበይም? ዝም ብዬ። ለምን ትቆጫለሽ? ዝም ብዬ። ከቅዳሴ ስትቀር ደግሞ በሦስት ወር ውስጥ ይህ ሦስተኛዋ ነው። አስናቀው ነገሩን ከካርቱኑ ጋር አያያዘው። ፊልሙን የምትጭንላት አውቶፓርኮ ሰፈር ሱቅ ያላት ምሥራቅ ነች፤ «የጃፓን ነው፣ ስለ ልጅ ማደግ ነው፣ ክፋት የለውም» ብላው ነበር። ክፋት የለውም ተብሎ የሚሸጥ ነገር ከጥንትም አያምነውም።

የፅዮን እናት ራሔል ከሞተች አራት ዓመት አለፈ። ያን ጊዜ ልጅቱ እጁን ሳትይዝ መንገድ አትሻገርም ነበር። አሁን ከእጁ እየወጣች መሰለው፤ ፈራ። ወንድ ሲፈራ የሚያደርገውን አደረገና ጮኸ፤ ከዚያ ወደ ሱቁ ወጥቶ አምባ ጊዮርጊስ ላለችው ታናሽ እህቱ ደወለ።

«አባይነሽ፣ ነይና ውሰጃት። እናንተ ዘንድ ትማር።»

«ኧረ አያ! ምን ሆናችሁ?»

«ሃይማኖቷን ካርቱን በላው።»

«በስመ አብ! ከቅዳሴ እንደወጣሁ በመጀመሪያው ማኪና እመጣለሁ።»

ሱቁና ቤቱን የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ፅዮን ሁሉንም ሰምታለች። አላለቀሰችም፤ የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ብቻ ተሰማ። ከልቅሶ ይልቅ ያ ከበደው፤ ግን አንዴ ተናግሯል።

ቅዳሴው አለፈበት። ሱቁ የባጃጅ ወንበርና ሸራ የሚሰፋበት ነው፤ እሑድ አይከፈትም። በሩን ዘግቶ ግማሹ ያልተሸፈነ ወንበር ላይ ተቀመጠና ከልጁ በነጠቀው ስልክ ፊልሙን ከፈተ። አባይነሽ ልጅቱን ስታይ መራራቷ አይቀርም፤ ስለዚህ የሚያሳያት ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ማስረጃ ሞልቷል። በመጀመሪያው ክፍል ትምህርት ቤቱ እግር አውጥቶ ከነተማሪዎቹ ሮጠ። ለምን እንደሮጠ የተናገረ የለም። ፖስተኛው ከፍሪጅ ውስጥ ወጣ። የሒሳብ መምህሩ ራስ ማንቆርቆሪያ ሆኖ ፈላ፤ ጨረቃ ወርዳ ዳቦ ቤት ወረፋ ያዘች። ከሥር የሚሮጠውን የእንግሊዝኛ ትርጉም ሁለት ቃል ሳያነብ ሦስተኛው ያልፍበታል።

«ይህን የሠራው ሰውዬ ጠበል ያሻዋል» ብሎ አጉረመረመ። አላጠፋውም ግን።

በሦስተኛው ክፍል ባለ ሰማያዊ ጸጉሯ ልጅ ጠዋት ስትነቃ ከብርድ ልብሷ ሥር ቀይ ጥጃ ተኝቶ አገኘች። አስናቀው የወገራ ገበሬ ልጅ ነውና ጥጃውን በዐይኑ መዘነው፤ ሸጋ ጥጃ ነው። ልጅቱ ግን ደነገጠች። ሳይነጋ ተነሥታ አንሶላውን አጠበች፤ ጥጃውንም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በማግስቱ ወይፈን ሆነ። ራት ላይ ቁም ሣጥኑን ሰብሮ ወጣና ጠረጴዛውን በቀንዱ አነሣው፤ ባለ መነጽሩ አባቷ ጋዜጣውን እያነበበ ሳህኑን ብቻ ወደ ራሱ ሳበ። ሰፈሩ ሁሉ ለበዓል ሲወጣ ልጅቱ ቀረች፤ ሰው መሃል ቢያመልጣትስ? አባትየው በር ላይ ቆሞ ከእኛ ጋር መሄድ ለምን ጠላሽ ብሎ ተቆጣት። ከኋላዋ በሬው ጣሪያውን በቀንዱ ቀዶ ያገሣል።

«አንት ጅል! አይታይህም?» አለ አስናቀው ጮክ ብሎ፤ ሳቀም። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ።

ትናንት ሳይነጋ ከግቢው የውሃ ድምፅ ሰምቶ ወጥቶ ነበር። ፅዮን አንሶላዋን እያጠበች ነበር። «ምነው በዚህ ብርድ?» ሲላት፣ «ዝም ብዬ።» ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ። ለወንበር ገበር የሚያስቀምጠው ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ቁርጥራጭ ከሦስት ወር ወዲህ እየጎደለበት፣ አይጥ ነው ብሎ ወጥመድ አጥምዷል። ወጥመዱ እስካሁን ባዶ ነው።

ራሔልም በወር አንድ እሑድ ከፊት ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ትቆም ነበር። «ዛሬ ከደጅ ነኝ» ትለዋለች፤ እሱ ፅዮንን ይዞ ይገባል። ለምን አይባልም፤ የወር አበባ ያየች ሴት ቅጥሩን አታልፍም፣ በቃ።

ልጁ ከቤተ ክርስቲያን አልሸሸችም። ሥርዓቱን ጠብቃ ነው የቀረችው፤ ያውም ብቻዋን፣ በቁራጭ ጨርቅ። እሱ ደግሞ ጋኔን ብሏታል። እስከ ጆሮው ድረስ አፈረ።

አባይነሽ ስድስት ሰዓት ላይ ደረሰች። «የታለች? ጓዟን ሸክፋለች?»

«አትሄድም።»

«ምነው? አልጋ አንጥፌ መጣሁ እኮ፣ አያ!»

የስፌት ማሽኑን መርፌ እያየ በአጭሩ ነገራት። አባይነሽ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

«ውይ ልጄን! በል ተወው፣ ይህ የሴት ወግ ነው። እኔ ገብቼ እነግራታለሁ፤ አንተ ምንም እንዳላወቀ ሁን።»

ምክሩ የደግ ሰው ምክር ነው። ወገራ ውስጥ አባት ሁሉ እንደዚያ ነው ያደረገው። «እግዜር ይስጥሽ» ሊል አፉን ሲከፍት ያ ጋዜጣ አንባቢ ሰውዬ ድቅን አለበት።

«አይ» አለ። «ምን እንደሚገዛ ንገሪኝ። እኔው እገዛለሁ።»

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ «ሞዴስ» ሲል አውቶፓርኮ ያለ ሰው ሁሉ የሰማው መሰለው። ሻጯ ግን ቀና ብላም አላየችው።

ተመልሶ የልጁን ክፍል በር አንኳኳ። ከዚያ በፊት አንኳኩቶ አያውቅም። ገባና ስልኩን ከፌስታሉ ጋር አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠ።

«ሦስተኛው ክፍል ላይ ደረስሁ» አለ።

ፅዮን ወደ ፌስታሉ ውስጥ አየች፤ ቶሎ ዘጋችው። ፊቷ በላብ ወረዛ።

«በሬውን… አየኸው?»

«ጣሪያ የቀደደ በሬ እንዴት አይታይም? ዘግይቼ ነው እንጂ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ጠዋት ያልሁሽን ይቅር በይኝ። ቦርሳሽን ፍቺው።»

ፅዮን ቦርሳዋን ስባ ልብሶቿን ማውጣት ጀመረች።

«አባትየው መጨረሻ ላይ ያየዋል?» ብሎ ጠየቃት።

«አልነግርህም። ራስህ እይ።»

ከስንት ጊዜ በኋላ «ዝም ብዬ» ያልሆነ መልስ አገኘ። ደስ አለው።

«አሥራ አንድ ሰዓት ሠርክ ጉባኤ አለ» አላት። «እናትሽ ትቆምበት የነበረው ወይራ ሥር ድምፅ ማጉያው በደንብ ይሰማል።»

«ብቻዬን ልቆም? ሰው ያየኛል።»

«ማን ብቻሽን አለሽ?»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባይነሽ የቅጥሩን በር ተሳልማ ገባች። አባትና ልጅ ወይራው ሥር ቆሙ። ወዲያው የማኅበር ጓደኛው ወልደኢየሱስ መቋሚያውን እየተመረኮዘ መጣ።

«ምነው አያ አስናቀው፣ ጉባኤው ተጀምሯል። አትገባም?»

ወንድ ከደጅ የሚቆምበት ምክንያት ጥቂት ነው፤ ሰው ቶሎ የሚገምተው ደግሞ ከሴት ጋር ማደርን ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ከደጅ ነኝ ካለ ነገ ማለዳ አውቶፓርኮ በሙሉ ሴትየዋ ማን ናት ይላል። አስናቀው ይህን ያውቃል። ወደ ልጁ ዘወር አለ። ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ስባ መሬት መሬት ታያለች።

«ዛሬ ከደጅ ነኝ» አለ።

ወልደኢየሱስ ቅንድቡን ሰቀለ፤ ከዚያ ጥርሱ ሁሉ ታየ። «አሃ! በል ሠርጉን እንዳትደብቀን!» ብሎት እየሳቀ ገባ።

ፅዮን ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። «አባዬ፣ ምን ማለቱ ነው?»

«ዝም ብሎ ነው» አለ አስናቀው።